በነጥብ የሚጀምሩ ፋይሎች ሰርቨር ላይ ሲጫኑ፦ የትኛው ፕሮግራም ያሳያል፣ የትኛው ይደብቃል

ድረ ገጹ ወደ አዲስ ሰርቨር ተዛውሯል። መነሻ ገጹ በደንብ ይከፈታል፤ ከሥሩ ያለ ማንኛውም ገጽ ሲነካ ግን 404 (ገጹ አልተገኘም) ይመጣል። ዎርድፕሬስ ላይ ይህን ካያችሁ ዳታቤዙን ለመነካካት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ትንሽ ፋይል ነው፦ ለአፓቼ የድረ ገጽ ሰርቨር ሕግ የሚጻፍበት .ኤችቲአክሰስ። ላራቬል (የፒኤችፒ የድረ ገጽ መሥሪያ) ከሆነ ደግሞ ገጹ ጭራሽ በ500 ስህተት ይቆማል፤ እዚያ የቀረው ሴቲንጎችና የይለፍ ቃሎች የሚጻፉበት .ኤንቭ ነው። የሁለቱም ስም በነጥብ ይጀምራል። ስላልታዩ አልተመረጡም፣ ስላልተመረጡ አልሄዱም።

እዚህ የተገመገሙት ፋይልዚላ፣ ዊንኤስሲፒ፣ ሳይበርዳክ፣ የሲፓነል ፋይል ማናጀር፣ እንዲሁም በትእዛዝ የሚሠሩት ኤስሲፒ፣ አርሲንክ እና ኤልኤፍቲፒ ናቸው። መለኪያው አንድ ነው፦ በነጥብ የሚጀምረውን ፋይል ያሳያል ወይ? ሳያሳይስ ይወስደዋል ወይ? ሲደብቅ መደበቁን ይናገራል ወይ? የመልክ ማማርና የአይኮን ብዛት ነጥብ አያሰጥም።

መጀመሪያ ግን ስውርነቱ ከየት እንደሚመጣ። ዩኒክስና ሊኑክስ ላይ «ድብቅ» የሚባል ምልክት ፋይሉ ላይ አይለጠፍም። ስሙ በነጥብ ከጀመረ ኤልኤስ የተባለው ትእዛዝ ዘሎት ያልፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። አመጣጡም የአቋራጭ መንገድ ነው፦ በየፎልደሩ ያሉትን ነጠላ ነጥብና ሁለት ነጥብ የሚባሉ (ፎልደሩን ራሱንና የበላዩን የሚያመለክቱ) ምዝገባዎች ከዝርዝሩ ለማስቀረት የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይታይ ነበር፤ በዚያው በነጥብ የሚጀምር ሁሉ አብሮ ተሰወረ። ዊንዶውስ ግን ፋይሉን የሚደብቀው በተለየ መለያ እንጂ በስሙ አይደለም። ስለዚህ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ፍንትው ብሎ የሚታየው .ኤችቲአክሰስ ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ከዓይን ይጠፋል፤ አልተጫነም ብሎ ሦስት ጊዜ የሚጭነውም ብዙ ነው። ማክ ሁለቱንም መንገድ ይጠቀማል። ፋይንደር ውስጥ ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብን አንድ ላይ ብትጫኑ የተደበቁት ፈዘዝ ብለው ይወጣሉ፤ መልሳችሁ ብትጫኑ ይገባሉ።

እንግዲህ የሚደብቀው አራት ዓይነት ነው፦ የራሳችሁ ኮምፒውተር፣ የማስተላለፊያው ፕሮግራም፣ የሰርቨሩ ኤፍቲፒ (ፋይል የሚያስተላልፈው አገልግሎት)፣ ወይም ትእዛዝ ስትጽፉ የተጠቀማችሁበት የኮከብ ምልክት። ውጤታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው ሰው የማይመለከተውን ሴቲንግ ሲያገላብጥ የሚውለው።

ፋይልዚላ

ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ስለሆነ በሰፊው እንየው። በነፃ የሚገኘው ፋይልዚላ ኤፍቲፒን፣ ኤፍቲፒኤስንና ኤስኤፍቲፒን ይደግፋል። ከስውር ፋይል አንፃር እነዚህ ፕሮቶኮሎች አንድ አይደሉም፤ አብዛኛው ግርግርም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

በኤስኤፍቲፒ ከገባችሁ ሰርቨሩ በፎልደሩ ያለውን በሙሉ ይሰጣል፤ በነጥብ ይጀምር አይጀምር ጉዳዩ አይደለም። ፋይልዚላም ሁሉንም ያሳያል። የምትከፍቱት ሴቲንግ የለም። በኤስኤፍቲፒ ገብታችሁ .ኤችቲአክሰስ ካልታያችሁ ወይ የፋይልዚላ ማጣሪያ በርቷል፣ ወይ ፋይሉ በእርግጥ የለም፣ ወይ የተሳሳተ ፎልደር ውስጥ ናችሁ።

በኤፍቲፒ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። የ1985ቱ የኤፍቲፒ መመዘኛ ሊስት የሚባለውን ትእዛዝ ሲደነግግ ከኋላው የፎልደር ወይም የፋይል ስም እንዲመጣ እንጂ ስውሩን አሳይ የሚል ምልክት እንዲመጣ አላለም። ብዙ ሰርቨሮች ግን ከኤልኤስ የተወረሰውን «-ኤ» ይቀበላሉ። በሰርቨር ሜኑ ሥር ያለው «ፎርስ ሾዊንግ ሂድን ፋይልስ» የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ «ሊስት» የነበረውን «ሊስት -ኤ» አድርጎ ይልካል። ስትጫኑት የማስጠንቀቂያ ሳጥን ይወጣል። ሰው ሳያነብ እሺ ይለዋል፤ ማንበብ ግን ይገባል፤ ሰርቨሩ ይህን ካልደገፈ የተሳሳተ ዝርዝር ሊመጣ እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል።

የተሳሳተ ዝርዝር ሲመጣ ምን ይመስላል? ከላይ ያለውን የመልእክት ሳጥን ተመልከቱ። «ሊስት -ኤ» የሚለው ትእዛዝ ይሄዳል፣ 150 ይመጣል፣ 226 ይከተላል፣ ዝርዝሩ በሰላም ደረሰ ይላል። በቀኝ በኩል ግን ፎልደሩ ባዶ ነው። ስህተት የሚል ቀይ መስመር የለም። የሆነው ይህ ነው፦ ሰርቨሩ «-ኤ»ን እንደ ፋይል ስም ቆጥሮ ፈልጓል፣ በዚያ ስም የሚጠራ ነገር አላገኘም፣ ባዶ ዝርዝር ሰጥቷል። ፋይልዚላ ሰርቨሩ ይህን ይደግፍ እንደሆነ ራሱ ይፈትሻል፤ ፈተናው ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም። ፋይሎቼ ጠፉ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ያንን ምልክት አንሱና ዝርዝሩን በኤፍ5 አድሱ።

ሌላም ጉድለት አለበት፤ ምርጫው ለሁሉም ሰርቨር አንድ ላይ የሚሠራ ነው። ለአንዱ ሰርቨር ስትከፍቱት ለሌላውም ተከፈተ ማለት ነው። አንደኛው በደንብ ሲያሳይ ሌላኛው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ምክንያቱ ይኸው ነው። በየሳይቱ ለየብቻ መወሰን ቢቻል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሲሻሻል ለኖረ ፕሮግራም ይህ የማይገባ ድክመት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ምልክቱን አድርጋችሁም ምንም አይለወጥም። መልእክት ሳጥኑ ላይ ሊስት በሚለው ፋንታ ኤምኤልኤስዲ የሚል ካያችሁ መልሱ እዚያ ነው። ኤምኤልኤስዲ በ2007 የወጣ አዲስ የዝርዝር ትእዛዝ ነው፤ ሰርቨሩ ከደገፈው ፋይልዚላ እሱን ያስቀድማል፤ «-ኤ» እዚያ ቦታ የለውም። ምን እንደሚታይ የሚወስነው ሰርቨሩ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ፋይልዚላ ውስጥ የምትነኩት ነገር የለም፤ ወይ በኤስኤፍቲፒ ግቡ፣ ወይ ሰርቨሩ ላይ ይስተካከል።

ማጣሪያው የሚገኘው ቪው ሜኑ ውስጥ «ፋይልኔም ፊልተርስ» በሚል ነው፤ በአቋራጭ ኮንትሮልና አይ። የራሳችሁ ኮምፒውተርና የሰርቨሩ ለየብቻ ዓምድ አላቸው። ልብ በሉ፦ ማጣሪያ ዕይታን ብቻ የሚሸፍን መጋረጃ አይደለም። የበራ ማጣሪያ ያስቀረውን ፋይል ሙሉ ፎልደር ስትጭኑም አይወስደውም። .ጊት (የኮዱ ታሪክ የሚቀመጥበት ፎልደር) እንዳይሄድ ለመከልከል ጥሩ ነው፤ ተከፍቶ ሲረሳ ግን ጦስ ነው። ከዝርዝሩ ግርጌ ባለው መስመር ስንት ፋይል እንደተጣራ በቁጥር ስለሚጽፍ ዓይናችሁን እዚያ ጣል ማድረግ ልመዱ።

ብዙዎች ያላዩት አንድ ሌላ ሴቲንግ አለ። ሴቲንግስ ውስጥ ትራንስፈርስ፣ ከዚያ ፋይል ታይፕስ ብትገቡ በነጥብ የሚጀምሩ ፋይሎችን እንደ አስኪ (ተራ ጽሑፍ) ቁጠር የሚል ምርጫ ከመጀመሪያው ተመልክቶ ታገኙታላችሁ። ይህ በኤፍቲፒ ብቻ የሚሠራ ነው፤ በዊንዶውስ የተጻፈውን የመስመር መጨረሻ ወደ ሊኑክሱ ይቀይራል። ለ.ኤችቲአክሰስ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስሙ በነጥብ የሚጀምር ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል፣ ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም በነጥብ ስም ያስቀመጠው ትንሽ ዳታቤዝ፣ በዚህ መንገድ ካለፈ ይበላሻል። መጠኑ በጥቂት ባይት ይለያያል፣ አልከፈትም ይላል። እንዲህ ያለ ነገር የምታስተላልፉ ከሆነ ትራንስፈር ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የማስተላለፊያውን ዓይነት ባይነሪ አድርጉት።

ተገላቢጦሹም አለ። ኤስኤፍቲፒ ፋይሉን እንዳለ ስለሚያልፈው በዊንዶውስ የተጻፈ .ባሽአርሲ (ሰርቨሩ ላይ ስትገቡ የሚነበብ የትእዛዝ ፋይል) የመስመር መጨረሻዎቹን ይዞ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ላይ ስትገቡ ደግሞ ትእዛዙ አልተገኘም የሚል መልእክት ይደረደራል። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ወይም ቪኤስ ኮድ የመስመር መጨረሻውን ኤልኤፍ (የሊኑክሱ) አድርጉት።

የፋይልዚላ ፍርድ፦ በኤስኤፍቲፒ እምነት የሚጣልበት፣ በኤፍቲፒ መልእክት ሳጥኑን ለሚያነብ ሰው ብቻ የሚሆን።

ዊንኤስሲፒ

ዊንዶውስ ላይ ለሚሠራ ሰው ከስውር ፋይል አንፃር ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሲደብቅ ይናገራል። ከፓነሉ ግርጌ ስንት ፋይል እንደተደበቀ በቁጥር ይጻፋል፤ ያንን ቁጥር ስትጫኑት ይገለጣሉ። በአቋራጭ ኮንትሮል፣ አልትና ኤች ያው ናቸው። በፕሪፈረንስስ ውስጥ ፓነልስ የሚለው ገጽ ላይም ይገኛል።

ሁለተኛው ብልጫ ለኤፍቲፒ ያለው ሴቲንግ በየሳይቱ ለየብቻ መሆኑ ነው። ሳይቱን ለማስተካከል ክፈቱ፣ አድቫንስድ ውስጥ ግቡ፣ በኢንቫይሮመንት ሥር ኤፍቲፒ የሚለውን ምረጡ። ስውር ፋይሎችን ለመዘርዘር የሚሰጠው ድጋፍ አውቶ፣ ኦን ወይም ኦፍ ይሆናል። ከዚያው አጠገብ ኤምኤልኤስዲን የመጠቀም ምርጫ አለ። ሰርቨሩ በኤምኤልኤስዲ ስውሩን ካልሰጠ ያንን ኦፍ፣ የስውሩን ኦን አድርጉና እንደገና ግቡ፤ ፋይልዚላ በሩን የዘጋበት ቦታ ላይ ይህ መውጫ ይሰጣል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ዊንኤስሲፒ ውስጥ መደበቅ ዕይታ ብቻ ነው። ሙሉ ፎልደር ይዛችሁ ስትጭኑ በውስጡ ያሉት በነጥብ የሚጀምሩት ሳይታዩም ይሄዳሉ። ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ ኮንትሮልና ኤ ብላችሁ ስትመርጡ ግን ያልታየው አይመረጥም። ስለዚህ ያው ፎልደር፣ ከውጭ ሲያዝና ከውስጥ ሲመረጥ፣ ሁለት የተለያየ ውጤት ይሰጣል። እንዳይሄድ የምትፈልጉትን በትራንስፈር ሴቲንግስ የፋይል ማስክ ላይ ጻፉ፤ «| .ጊት/» ካላችሁ የ.ጊት ፎልደር ይቀራል። ከቀጥታው መስመር በኋላ የሚጻፈው የሚገለለው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው እዝባር ፎልደር መሆኑን ይናገራል። «| .*; .*/» ካላችሁ ደግሞ በነጥብ የሚጀምር ሁሉ ይቀራል፤ .ኤችቲአክሰስም አብሮ እንደሚቀር አትርሱ።

ሳይበርዳክ

ማክ ላይም ዊንዶውስ ላይም አለ። ቪው ሜኑ ውስጥ «ሾው ሂድን ፋይልስ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ማክ ላይ ኮማንድ፣ ሺፍትና አር። የተደበቁት ደብዘዝ ብለው ስለሚታዩ ከሌላው ጋር አይምታቱም። በፕሪፈረንስስ ትራንስፈርስ ገጽ ያለው ማጣሪያ ደግሞ .ዲኤስ ስቶርን የመሰሉ የማክ ፋይሎችን ገና ከመጫናቸው በፊት ያስቀራል። ማክ በየፎልደሩ የሚበትነው ይህ ፋይል የፎልደሩን የፋይል ስሞች ይዞ ስለሚዞር ሰርቨር ላይ መገኘት የለበትም። ለማክ ተጠቃሚ ይህ ብቻውን ሳይበርዳክን ያስመርጣል። ከዚህ ያለፈ የሚባልለት የለም።

የሲፓነል ፋይል ማናጀር

ምንም ሳይጫን በብራውዘር የሚሠራ። ከላይ በቀኝ ሴቲንግስ የሚለውን ተጭናችሁ «ሾው ሂድን ፋይልስ» ላይ ምልክት አድርጋችሁ ሴቭ በሉ። አንድ .ኤችቲአክሰስ ለማስተካከል ከሁሉም ፈጣኑ ነው፤ ሙሉ ሳይት ለማስተላለፍ ግን በዚፕ ካልሆነ አይመከርም።

ዚፑ ራሱም ወጥመድ አለው። ፎልደሩ ውስጥ ሆናችሁ በትእዛዝ «ዚፕ -አር ሳይት.ዚፕ *» ካላችሁ በዋናው ፎልደር ያለው .ኤችቲአክሰስ አይገባም፤ በኮከቡ ፋንታ ነጠላ ነጥብ ስትጽፉ ይገባል። ማክ ላይ በቀኝ ክሊክ የተሠራ ዚፕ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ሲፈታ በነጥብና ከሥር ሰረዝ የሚጀምሩ፣ የእያንዳንዱ ፋይል ጥላ የሆኑ ትንንሽ ፋይሎችን የያዘ ማክኦኤስኤክስ የሚል ፎልደር ያራግፋል። እሱን ፎልደር ያለ ስጋት አጥፉት።

በትእዛዝ ለሚሠሩ፦ ኮከቡ

ኤስሲፒን «ፋይል ይጥላል» እያሉ የሚያሙት አሉ። ሐሜቱ አይገባውም፤ የሚጥለው ኮከቡ ነው። «ኤስሲፒ -አር ሳይት/* ሰርቨር:/ቫር/ሳይት/» ብላችሁ ስትጽፉ ኮከቡን ወደ ፋይል ስሞች የሚተረጉመው ባሽ (የምትጽፉትን ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ነው፤ ባሽ ደግሞ በነጥብ የሚጀምረውን በኮከብ ውስጥ አያስገባም። ኤስሲፒ የተሰጠውን ብቻ ነው የወሰደው። የሚገርመው ከሥር ባሉት ፎልደሮች ውስጥ ያሉት ነጥብ ያላቸው ፋይሎች ይሄዳሉ፤ እነሱን ኤስሲፒ ራሱ ገብቶ ስለሚያነብ። ስለዚህ የሚቀረው በላይኛው ፎልደር ያለው ብቻ ነው፤ ዋናው .ኤችቲአክሰስና .ኤንቭ የሚቀመጡት ደግሞ እዚያው ነው።

መፍትሔው ኮከቡን ትቶ ፎልደሩን በስሙ መላክ ነው። ኮከቡን የግድ ካላችሁ ባሽ ላይ አስቀድማችሁ «ሾፕት -ኤስ ዶትግሎብ» በሉ፤ ዚሼል ላይ «ሴትኦፕት ግሎብዶትስ»።

«ነጥብ ኮከብ» ብሎ ጉዳዩን ለማቃለል መሞከር ግን ሌላ መከራ ነው። በድሮ ባሽ ይህ ጽሑፍ ሁለት ነጥብን፣ ማለትም የበላዩን ፎልደር፣ ይጨምራል። .ኤችቲአክሰስን ልትልኩ ስትሉ አጠገቡ ያለው ሳይት ሁሉ ተጠራርጎ ይሄዳል። ከባሰም «ችሞድ -አር» ወይም «ቻውን -አር» ከነጥብ ኮከብ ጋር ከተጻፈ የበላዩ ፎልደር ፐርሚሽን ይገለበጣል። ባሽ በ2022 በወጣው 5.2 ላይ ይህን ዘግቶታል፤ ሰርቨሮች ግን በድሮው ቨርዥን ብዙ ዓመት ይቆያሉ።

አርሲንክ

ደጋግሞ ለሚጭን ሰው ከአርሲንክ ሌላ አይመከርም። ዊንዶውስ ላይ ደብሊውኤስኤል (በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬደው) ውስጥ ይሠራል። ፎልደር ሲሰጠው ነጥብ ያለውንም የሌለውንም ሳይለይ ይወስዳል፤ ስውር የሚባል ነገር ጭራሽ አያውቅም። «አርሲንክ -ኤቪ ሳይት/ ሰርቨር:/ቫር/ሳይት/»፤ የአማራጭ ፊደሎቹ በሙሉ ትንሹ ፊደል ናቸው። ከምንጩ ስም በኋላ ያለው እዝባር ይዘቱን ብቻ ውሰድ ማለት ነው፤ ካልተጻፈ ፎልደሩ ራሱ በውስጡ ይፈጠርና ሳይት ውስጥ ሌላ ሳይት ታገኛላችሁ። እዚህም ኮከብ አትጠቀሙ፤ ችግሩ ከኤስሲፒው ጋር አንድ ነው።

አርሲንክ የሚያስፈራው «--ዲሊት» ሲጨመርበት ነው። ይህ አማራጭ በእናንተ ዘንድ የሌለውን ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ያጠፋል። .ኤንቭ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው፤ በጊት ስለማይቀመጥ የእናንተ ኮፒ ውስጥ የለም። አንድ «--ዲሊት» ያለ ጥንቃቄ ከተላከ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል የተጻፈበት ፋይል በአንድ ሰከንድ ይሄዳል። የሰርተፊኬት ማረጋገጫ ፋይል የሚቀመጥበት .ዌልኖውን የሚባለው ፎልደርም እንዲሁ። መከላከያው «--ኤክስክሉድ» ነው፤ የተገለለ ፋይል አይላክም፣ ሰርቨሩ ላይ ካለም አይጠፋም። «--ዲሊት-ኤክስክሉድድ» የሚለውን ግን አትጨምሩ፤ ጥበቃውን የሚያፈርሰው እሱ ነው።

ስለዚህ በትንሹ ሦስት ማግለያ ይኑራችሁ፦ .ጊት/፣ .ኤንቭ፣ .ዌልኖውን/። ከዚያ «-ኤን» እና «-አይ» ጨምራችሁ አንዴ አስኪዱት፤ «-ኤን» ምንም ሳይነካ የሚሆነውን ብቻ ይነግራል። በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ዲሊቲንግ» የሚል ቃል የተጻፈበትን እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።

ኤልኤፍቲፒ

ኤፍቲፒ ብቻ በሚሰጥ ሆስቲንግ ላይ አርሲንክን የሚተካው ይህ ነው። ነገር ግን ከሰርቨሩ ባክአፕ ስታወርዱበት ካልነገራችሁት ስውሮቹን ላያገኛቸው ይችላል። ከመግባታችሁ በፊት «ሴት ኤፍቲፒ:ሊስት-ኦፕሽንስ -ኤ» በሉ፤ በ.ኤልኤፍቲፒአርሲ ውስጥ ብትጽፉት ደግሞ ሁልጊዜ ይሠራል። ስውሩ የሌለበት ባክአፕ ሙሉ መስሎ ተቀምጦ የሚጋለጠው መልሳችሁ የጫናችሁት ዕለት ነው።

ጥፋቱ የሰርቨሩ ሲሆን

ከፕሮግራም ፕሮግራም ብትቀያይሩም ኤፍቲፒው ስውሩን ካላሳየ ሰርቨሩን መመልከት ነው። የኤፍቲፒ ሰርቨር ፕሮግራሞች የተለያዩ ናቸው። ቪኤስኤፍቲፒዲ ላይ «ፎርስ_ዶት_ፋይልስ» የሚለው ከመጀመሪያው ኖ ነው፤ የስ ሲደረግ ደንበኛው «-ኤ» ባይልም ያሳያል። ፕሮኤፍቲፒዲ ላይ «ሊስትኦፕሽንስ» የሚለው መስመር «-ኤ» እንዲይዝ ይደረጋል። ፒውር ኤፍቲፒዲ ላይ «ዲስፕሌይዶትፋይልስ» አለ፤ እሱ ግን ከዚያም አልፎ በነጥብ የሚጀምረውን ማንበብና መጻፍ ጨርሶ የሚከለክሉ ሴቲንጎች አሉት። ሆስቲንጉ እነዚያን ካበራ ፋይሉ ቢታይ እንኳ አይወርድም፣ አይጫንም። ሰርቨሩ የእናንተ ካልሆነ ለድጋፍ ክፍሉ የሴቲንጉን ስም ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ «ፋይሌ አይታይም» ከሚል መልእክት ይልቅ ቶሎ መልስ ያገኛል።

ኤፍቲፒው ሳያሳይ የቀረ ፋይል በሌላ መንገድም ይታወቃል። ባዶ የሚመስል ፎልደር ስታጠፉ 550 መጥቶ ፎልደሩ ባዶ አይደለም ካለ ውስጡ ነጥብ ያለው ነገር ተቀምጧል። የዲስክ ኮታ ሞልቶ የፋይሎቹ ድምር ካልደረሰም እንዲሁ። ፕሮኤፍቲፒዲ «ሂድንስቶርስ» ሲበራለት የሚጫነውን ፋይል እስኪጨርስ ድረስ «.ኢን» ብሎ በሚጀምር ስም ያስቀምጠዋል፤ አርሲንክም እንዲሁ በነጥብ የሚጀምር ጊዜያዊ ስም ይሰጠዋል። መስመር ተቋርጦ ሂደቱ በኃይል ከተገደለ እነዚህ ቁራጮች እዚያው ይቀራሉ። አንድ ጊጋ ባይት ቪዲዮ አራት ጊዜ ተሞክሮ ሲቋረጥ የሚተወውን አስቡት።

ስማቸው የተሳሳተ

ፋይሉ ደርሶም የማይሠራበት ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ኖትፓድ ላይ .ኤችቲአክሰስ ብላችሁ ሴቭ ስታደርጉ መጨረሻው ላይ «.ቲኤክስቲ» ይለጠፍበታል፤ ዊንዶውስ የታወቁ ቅጥያዎችን ስለሚሰውር አይታያችሁም። በሰርቨሩ በኩል ግን ሙሉ ስሙ ይነበባል። ሴቭ ስታደርጉ የፋይሉን ዓይነት «ኦል ፋይልስ» አድርጉ።

ስሙም ቦታውም ትክክል ሆኖ አሁንም ካልሠራ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር .ኤችቲአክሰስን ጭራሽ አያነብም፤ ሕጎቹን ወደ ራሱ ኮንፊግ መተርጎም ያስፈልጋል። አፓቼ ደግሞ «አላውኦቨርራይድ ነን» ከሆነ ፋይሉን ሳያይ ያልፈዋል። ፒኤችፒ የሚያነበው .ዩዘር.አይኤንአይም አለ፤ እሱ በካሽ ስለሚያዝ ነባሩ ሴቲንግ ካልተነካ ለውጡ የሚታየው እስከ 300 ሰከንድ ቆይቶ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይጠብቁ «አልሠራም» ብለው የሚሰርዙት ብዙዎች ናቸው።

መሄድ የሌለበት

ሁሉም ታየ፣ ሁሉም ተመረጠ፣ ሁሉም ተጫነ ማለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። .ጊት ወደ ድረ ገጹ ፎልደር ከገባ ማንም በብራውዘር እየጠየቀ የፕሮጀክቱን ሙሉ ኮድ ከነታሪኩ መልሶ መገንባት ይችላል። በኤፍቲፒ ደግሞ ማስተላለፉ ራሱ ያሠቃያል፤ ውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች አሉ፣ ኤፍቲፒ ለእያንዳንዱ አዲስ መስመር ይከፍታል። ሃያ ሜጋ ባይት የማይሞላ ሳይት ለሰዓታት ከቆየ ተራ የሚጠብቁትን ፋይሎች ስም አንብቡ።

አፓቼ ከነባሩ ኮንፊጉ ጋር የሚከለክለው በ.ኤችቲ የሚጀምሩትን ብቻ ነው። .ኤንቭም .ጊትም በዚያ አይሸፈኑም። ላራቬል ላይ የድረ ገጹ ሥር ፐብሊክ የሚለው ፎልደር መሆን ያለበትም ለዚሁ ነው፤ .ኤንቭ ከእሱ በላይ ስለሚቀር በብራውዘር አይደረስበትም። ፐርሚሽኑም ይታይ። ፒኤችፒ በራሳችሁ አካውንት የሚሠራ ከሆነ .ኤንቭ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነብና የሚጽፍ) ይሁን፤ በሌላ ስም የሚሠራ ከሆነ በግሩፕ በኩል 640። .ኤስኤስኤች ፎልደር 700፣ በውስጡ ያለው «ኦቶራይዝድ_ኪስ» 600፤ ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ሆኖ ከተጫነ ኤስኤስኤችዲ (በርቀት የሚያስገባው የሰርቨሩ ፕሮግራም) ቁልፉን አልቀበልም ይላል።

ይህን ሲሰሙ በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ በኤንጂንኤክስ የሚዘጉ አሉ። .ዌልኖውን አብሮ ይዘጋል። ሌትስ ኢንክሪፕት (ነፃ የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ሰጪው) ሰርተፊኬት ሲያድስ በኤችቲቲፒ በኩል የሚያጣራው በዚያ ፎልደር ውስጥ ባለ ፋይል ነው። የ90 ቀን ሰርተፊኬት ከሆነ ዛሬ የተዘጋው በር የሚያንኳኳው ከወራት በኋላ ነው፤ ማን ምን እንደነካ ያኔ ማንም አያስታውስም። ሕጉን ስትጽፉ .ዌልኖውን ከክልከላው ውጭ ይሁን።

ጭነቱ ሲያልቅ መፈተሻው አጭር ነው። በሁለቱም በኩል ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ «ፋይንድ . -ታይፕ ኤፍ -ኔም '.*'» በሉና ውጤቱን በ«ደብሊውሲ -ኤል» ቁጠሩ። የነጥብ ኮከቡ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይሁን፤ ካልሆነ ባሽ ቀድሞ ይተረጉመዋል። አውቃችሁ ያስቀራችኋቸውን፣ ለምሳሌ .ኤንቭን፣ ከቁጥሩ አስወጡ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ያለ «ደብሊውሲ» ደግማችሁ አስኪዱትና ስሞቹን ጎን ለጎን አስተያዩ፤ የቀረው ፋይል በስሙ ይወጣል።